«ሃያ አራት ሰዓት እንሠራለን»፦ በበዓል ሰሞን የጠራሁት የውኃ ጉዳት ማድረቂያ አገልግሎት

ይህ ግምገማ ቧንቧ ፈንድቶ ቤት በውኃ ሲጥለቀለቅ ተጠርቶ ስለሚመጣ የማድረቂያ አገልግሎት ነው። ኩባንያው በየከተማው ያሉትን ቅርንጫፎች ለተለያዩ ባለቤቶች በፈቃድ የሚያሠራ ስለሆነ፣ የእኔን ቤት የሠራው ቅርንጫፍ ጥፋት በሌላው ላይ እንዳይለጠፍ፣ ምስጋናውም ለማይገባው እንዳይሄድ ስሙን አልጠቅስም። እኔ ያየሁት አሠራር በዚህ ሙያ የተለመደ በመሆኑ፣ የምጽፈው ሌላ ኩባንያ ለሚጠራ ሰውም እንደሚጠቅም ተስፋ አደርጋለሁ።

የምንኖረው በጆርጂያ፣ ዲካልብ ካውንቲ፣ ከክላርክስተን ብዙ ሳይርቅ በስቶን ማውንቴን በኩል ነው። እ.ኤ.አ. ዓርብ ዲሴምበር 23 ቀን 2022 ብርዱ ሲገባ በአንድ ሌሊት ከ10 ዲግሪ ፋረንሃይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ወረደ። ሚኒሶታ ወይም ዴንቨር ለሚኖር ወገናችን ይህ ቁጥር ምንም አይደለም፤ የእሱ ቤት ሲሠራ ቧንቧው በውስጠኛው ግድግዳ በኩል እንዲያልፍ ታስቦበታል። እዚህ ግን በረዶ በዓመት አንድ ቀን ቢጥል ትምህርት ቤት የሚዘጋበት አገር ስለሆነ፣ ቧንቧው በጣሪያ ሥር፣ በጋራዥ ኮርኒስ ላይና በውጭው ግድግዳ ውስጥ እንደልቡ ተዘርግቶ ይገኛል። የእኛ ቤት ወደ ላይኛው መታጠቢያ ክፍል የሚወጣው የመዳብ ቧንቧ ከጋራዡ በላይ ያልፋል፤ እዚያ ላይ የነበረውን ብርድ መከላከያ ጥጥ ከዓመታት በፊት የኢንተርኔት ገመድ የዘረጋ ሠራተኛ ገፋ አድርጎት ሄዶ ኖሯል።

ቅዳሜ ጠዋት ላይኛው ቤት ውኃ የለም። እኔም የአዲስ አበባ ልጅ ነኝና ውኃ መጥፋቱ ብዙም አልደነቀኝም፤ «ይመጣል» ብዬ ተውኩት። ትልቁ ስሕተቴ ይኼ ነበር። ውኃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ ይዞታው በ9 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ ቧንቧውን የሚሰነጥቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ በረዶው ራሱ ሳይሆን በበረዶው መወተፊያና በተዘጋው የቧንቧ አፍ መካከል ታፍኖ የሚቀረው ውኃ የሚፈጥረው ግፊት ነው። የብርድ ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ቧንቧውን በጥቂቱ ክፍት አድርጎ ማንጠባጠብ የሚመከረውም ይህ ግፊት መውጫ እንዲያገኝ ነው። በረዶው እስካለ ድረስ ስንጥቁን እንደ ቡሽ ደፍኖ ይይዘዋል፤ ጣጣው የሚጀምረው ሲሟሟ ነው። እሑድ፣ የፈረንጆቹ ገና ዕለት፣ ፀሐይ ጣሪያውን ከመታችው በኋላ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከመመገቢያ ክፍላችን በኩል ዘይት ውስጥ ሽንኩርት የወረወሩ የሚመስል ድምፅ ሰማን። ገብተን ስናይ ኮርኒሱ መሐል ላይ እንደ እርጉዝ ሆድ አብጦ፣ ውኃው በመብራቱ ገመድ እየተንቆረቆረ ነው።

በየካቲት 2021 ቴክሳስን የመታው ብርድ ጋርላንድ ያለውን የአጎቴን ልጅ ቤት እንዲሁ አድርጎት ስለነበር መጀመሪያ የደወልኩት ለእሱ ነው። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ «ሳራቺኔስካውን ዝጋ፣ የዚያን ክፍል ብሬከር አጥፋ፣ ከዚያ በኋላ ደውልልኝ» ብሎ ዘጋብኝ። ዋናው መዝጊያ የት እንዳለ ለማግኘት አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ በስድስት ዓመት አንድ ቀን አላየሁትም ነበር፤ በመጨረሻ ከውኃ ማሞቂያው ጀርባ ከቀለም ጣሳዎች ሥር ተገኘ። ተመልሼ ስደውል ቀጥሎ ያለኝ ያበጠውን ኮርኒስ በካቻቪቴ ቀድጄ ውኃውን በሳፋ እንድቀበል ነበር። ራሱ ከወደቀ አንድ ሜትር ተኩል ጅብሰም ይዞ ይወርዳል፤ በቀዳዳ ከወጣ ግን ጉዳቱ በዚያው ቦታ ይወሰናል። አራት ሳፋ ሞላ። ፎቶና ቪዲዮ ማንሳት ያለብኝ ከመወልወሌ በፊት መሆኑንም የነገረኝ እሱ ነው፤ ኋላ ላይ ኢንሹራንሱ አንድም ጥያቄ ሳያነሳ የተቀበለው ማስረጃ ያ ቪዲዮ ነበር።

ከዚያ ወደ ማድረቂያው ኩባንያ ደወልኩ። ማስታወቂያቸው በዓመት 365 ቀን፣ በቀን 24 ሰዓት እንደሚሠሩ ይናገራል፤ እውነትም በሁለተኛው ጥሪ ስልኩ ተነሳ። ያነሣችው ሴት ግን በሌላ ስቴት የምትገኝ የስልክ ማዕከል ሠራተኛ ስለነበረች፣ አድራሻዬን መዝግባ «ከአሁን ጀምሮ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርሱልዎታል» ከማለት በቀር በዲካልብ ስንት መኪና እንዳለ፣ ከእኔ በፊት ስንት ሰው እንደሚጠብቅ የምታውቀው ነገር አልነበራትም። የመጡት ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ማለትም ከ40 ሰዓት በኋላ ነው።

ስለ መዘግየቱ ብቻ ብዙ ልወቅሳቸው አልፈልግም። ሌላ ጊዜ አንድ ከተማ በውኃ ሲጎዳ ከአጎራባች ስቴቶች ሠራተኛና ማሽን ተጭኖ ይመጣል፤ ያን ሳምንት ግን ብርዱ ከቴክሳስ እስከ ቡፋሎ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስለያዘ አበዳሪ ጎረቤት አልነበረም። በ1933 የተቋቋመው የቴነሲ ሸለቆ የኃይል ባለሥልጣን እንኳ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ መብራት በፈረቃ ያጠፋው ያኔ ነው። የምወቅሳቸው ስለ ተስፋው ነው። «እስከ ማክሰኞ አንደርስም» ብለው ቢነግሩኝ ኖሮ እሑድ ማታ በመስኮት እየተመለከትኩ ከመጠበቅ ይልቅ ውኃ መምጠጫ ማሽን ልከራይ እሄድ ነበር። እርጥብ በሆነ ጅብሰምና ምንጣፍ ላይ ሻጋታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መብቀል ይጀምራል፤ ስለዚህ በዚህ ሥራ ውስጥ የአንድ ሌሊት ባዶ ተስፋ ዋጋ አለው።

በመካከሉ ያዳነን ሰው ነው። ሰኞ ጠዋት የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች አምስት ሆነው መጥተው ከሃርድዌር መደብር በተከራየነው ማሽን ውኃውን መጠጡ፣ የመመገቢያ ክፍሉን ምንጣፍ ቆራርጠው አወጡ፣ ከሶፋው እግር ሥርም ላስቲክ አነጠፉ። የአገራችን ልጅ የሆነ ቧንቧ ሠራተኛ ደግሞ የራሱን ልጆች ከቤት ትቶ መጥቶ የተሰነጠቀውን ቦታ ቆርጦ በሌላ ተካው፤ ስንጥቁ ከአንድ የጣት ርዝመት አይበልጥም ነበር፣ ልክ እንደ ተከፈተ የባቄላ ቅርፊት። ረቡዕ ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ማኅበር እኛ ቤት ነበር፤ ድግሱ ባልተለመደ ሁኔታ ወደ ሌላ ማኅበርተኛ ተዛወረ። ባለቤቴን ከውኃው ይልቅ ያስለቀሳት ይኼ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናው ልምጣ፤ ምክንያቱም ማክሰኞ የመጡት ሁለት ቴክኒሻኖች ሥራቸውን የሚያውቁ ነበሩ። አንደኛው ወጣት በር ላይ ጫማው ላይ ሽፋን አጥልቆ ከገባ በኋላ ምንም ከመንካቱ በፊት ውኃ ወዳልደረሰበት የልብስ ቁም ሳጥን ሄደ፤ ሁለት መርፌ ያለውን የእርጥበት መለኪያ በግድግዳው እንጨት ላይ ሰክቶ 11 የሚል ቁጥር መዘገበ። ለምን ከደረቁ ቦታ እንደጀመረ ስጠይቀው፣ ቤቱ ደረቅ ሲሆን ምን እንደሚመስል ሳያውቅ መቼ እንደደረቀ ሊናገር እንደማይችል አስረዳኝ። ከዚያ ወደ መመገቢያ ክፍሉ ተመልሶ ያንኑ መርፌ ሲሰካ 38 አለ። እኛ በዓይናችን ደረቅ ነው ያልነው የሳሎኑ ግድግዳ ደግሞ 27 አነበበ፤ ውኃው ከወለሉ ሥር ተሻግሮ ጅብሰሙ እንደ ፈትል ወደ ላይ ስቦት ኖሯል። የዚህ አገልግሎት ዋጋ በእኔ ግምት እዚህ ላይ ነው ያለው። ማራገቢያ ማንም ያከራያል፤ ግድግዳ ውስጥ ያለውን ውኃ አግኝቶ፣ በየቀኑ ለክቶ፣ በወረቀት ላይ የሚያሰፍር ግን እነሱ ናቸው።

የግድግዳውን ጅብሰም ከወለሉ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በቀጥታ መስመር ቆረጡት፣ ከጀርባው ያለውን የረጠበ ጥጥ አወጡ፣ የኮርኒሱን ግማሽ አነሡ። ዘጠኝ ማራገቢያና ሦስት ትልልቅ እርጥበት መጣጭ ማሽኖች ተተከሉ። ስለ ድምፁ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ አውሮፕላን ሞተሩን አስነሥቶ ሳይነሣ ለስድስት ቀን ሳሎን ውስጥ እንደቆመ ቁጠሩት። ማሽኖቹን ማታ ማጥፋት ማድረቁን ያዘገየዋል፤ እኛም አንድ ሌሊት ሞክረን በማግስቱ ቴክኒሻኑ ከቁጥሩ ላይ ዐውቆብን በጨዋ ደንብ ወቀሰን። ከዚያ በኋላ ልጆቹን ይዘን እህቴ ዘንድ አደርን። የኢንሹራንስ ውላችሁ ለተጨማሪ የኑሮ ወጪ ይከፍል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የእኛው ሆቴልና ከተለመደው በላይ የወጣውን የመብራት ክፍያ ጭምር ይሸፍን ነበር፤ ይህን ያወቅሁት ግን እህቴን አሥራ አራት እንጀራ ካስጨረስናት በኋላ ነው።

ቴክኒሻኑ ከበዓሉ በፊትም በኋላም አንድ ቀን ሳይቀር፣ ጃንዋሪ 1ን ጨምሮ፣ እየመጣ ለካ። 38 የነበረው ወደ 29፣ ወደ 21፣ ወደ 16 ወረደ፤ ጃንዋሪ 2 ቀን 12 ሲሆን ማሽኖቹን ጭኖ ሄደ። ለዚህ ክፍል ምንም እንከን አላወጣም።

እንከኑ ወረቀቱ ላይ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ገና ሰላም እንደተባባልን በታብሌት ላይ «የሥራ ፈቃድ ብቻ ነው» ተብሎ እንድፈርም ተሰጠኝ። አርባ ሰዓት ሲጠብቅ የኖረ ሰው የተሰጠውን ሁሉ ይፈርማል፤ እነሱም ይህን ያውቃሉ። እኔ በሥራዬ ምክንያት ውል ማንበብ የለመድኩ ስለሆንኩ ወደ ታች ጎትቼ ሳነብ ውስጡ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አገኘሁ፤ አንደኛው እንዲያደርቁ ፈቃድ መስጠት፣ ሁለተኛው ኢንሹራንሱ ክፍያውን ለእኔ ሳይሆን በቀጥታ ለእነሱ እንዲልክ ማዘዝ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከደረቀ በኋላ ያለውን የጥገና ሥራ በሙሉ ለእነሱ መስጠት ነው። የመጀመሪያውን ብቻ እንደምፈርም ስናገር ቴክኒሻኑ አልተከራከረም፤ ቢሮው ደውሎ ሌላ ቅጽ እንዲልክለት አደረገ፣ አሥር ደቂቃም አልፈጀ። ይህ ማለት የተለየው ቅጽ ከመጀመሪያውም ነበር ማለት ነው። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራቸው ወላጆቻችን ብቻቸውን ቤት ሆነው ይህን ታብሌት ቢቀበሉ ምን እንደሚሆን ሳስብ ያናድደኛል፤ ልጅ ወይም ጎረቤት በስልክም ቢሆን ሳያነብላቸው እንዳይፈርሙ ብትነግሯቸው ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ከሒሳቡ ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ ሥራ ክፍያው የሚሰላው በማሽንና በቀን ነው፤ አንድ ማራገቢያ አንድ ቀን ከቆመ አንድ ክፍያ ነው። የእኛ ሒሳብ 6,840 ዶላር ሆኖ ሲመጣ ዘጠኙም ማራገቢያዎች ለስድስት ቀን ተቆጥረዋል፤ እኔ ግን በየቀኑ ፎቶ አነሣ ስለነበር አራቱ በአራተኛው ቀን እንደተወሰዱ የሚያሳይ ማስረጃ ነበረኝ። ከዚህ የባሰው ግን የውኃው ደረጃ ነው። ይህ ሙያ የሚመራበት ኤስ500 የተባለው መመሪያ የፈሰሰን ውኃ እንደ ንጽሕናው በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል፤ ከመጠጥ ውኃ ቧንቧ የፈነዳ ውኃ አንደኛ ደረጃ፣ ማለትም ንጹሕ ነው፤ ሳይነሣ ሲቆይ ግን ወደ ሁለተኛው ሊወርድ ይችላል። እነሱ «ውኃው ረጅም ሰዓት ስለቆየ» በሚል ሁለተኛ ደረጃ ብለው መዝግበው የተሕዋስያን መግደያ ርጭት ክፍያ ጨመሩበት። ርጭቱ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ለቆየበት ሰዓት ግን ምክንያቱ ራሳቸው ናቸው። ይህንኑ በጽሑፍ ስጽፍላቸው የማሽኖቹን ትርፍ ቀናት ሰረዙ፣ የርጭቱን ክፍያ በግማሽ ቀነሱ፤ በጠቅላላው 910 ዶላር ወረደ። የተከራከርኩት በጨዋነት ነበር፣ መልሱም በአራት ቀን መጣ፤ ለዚህ ያላቸውን ነጥብ አልነፍጋቸውም።

ሦስተኛው ቅሬታ በገንዘብ አይለካም። ከመመገቢያ ክፍሉ የወጣውን ዕቃ የሚጠቀልሉና የሚመዘግቡ ሌሎች ሠራተኞች ሐሙስ ዕለት መጡ። እናቴ በእጇ የሰፋችው መሶብ ጥግ ላይ ነበር፤ ከሥሩ ትንሽ ረጥቧል እንጂ ተርፏል። አንዲት ሠራተኛ ምንነቱን ሳትጠይቅ እንደ ረጠበ በላስቲክ ጠቅልላ ካርቶን ውስጥ ከተተችው። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ስንከፍተው የአክርማው ቀይና አረንጓዴ በሙሉ ነጭ ሻጋታ ለብሶ ነበር። በዝርዝሩ ላይ የተጻፈው ደግሞ «የሣር ቅርጫት፣ 1፣ 15 ዶላር» ይላል። እንጨትና ብረት የሚለካ ኩባንያ ስፌት ምን እንደሆነ እንዲያውቅ አልጠብቅም፤ የረጠበ ነገር በላስቲክ እንደማይታሸግ ግን ከማንም በላይ ሊያውቅ ይገባዋል። የእኛም ጥፋት አለበት፦ የማይተካ ዕቃ ለባዕድ እጅ ሳይሰጥ በገዛ መኪና ወደ ዘመድ ቤት መሄድ ነበረበት።

ኢንሹራንሱን በተመለከተ ባጭሩ፦ የእኔ ውል ድንገት የፈሰሰ ውኃ ያደረሰውን ጉዳት ከፍሏል፣ የፈነዳውን ቧንቧ ራሱን ግን አልከፈለም። የመጀመሪያው ቼክ ከዕቃው እርጅና ተቀናንሶ ነው የመጣው፤ የቀረው የሚለቀቀው ጥገናው አልቆ ደረሰኝ ሲቀርብ ነው። ቼኩ ላይ የቤት ብድር የሰጠን ባንክ ስምም ስለነበረበት የእነሱን ፊርማ ለማግኘት ብቻ ሦስት ሳምንት አለፈ። ብርድ ላይ ቤቱን ዘግቶ ለበዓል ወደ ሌላ ከተማ የሚሄድ ሰው ደግሞ ማሞቂያውን ጨርሶ ማጥፋት የለበትም፤ ብዙ ውሎች ቤቱ እንዲሞቅ ተደርጎ ካልነበረ ወይም ውኃው ካልተዘጋ በብርድ ለፈነዳ ቧንቧ አይከፍሉም።

ጥገናውን ለሌላ ሰው ሰጥተን እስከ መጋቢት ፈጀ። ቅዳሜ ጃንዋሪ 7፣ የእኛ ገና፣ የዋለው በእንጨቱ በተራቆተ ግድግዳ መካከል ነው፤ ዶሮው ከእህቴ ቤት ተሠርቶ መጣ፣ ቄጤማው ባዶ ሲሚንቶ ላይ ተጎዘጎዘ። ለእንኳን አደረሳችሁ የመጡ አንዲት እናት ከደጃፍ ቆመው ግድግዳውን ዐይተው «ልጆቼ፣ ቤቱን ልታፈርሱት ነው እንዴ?» አሉን።

ከአምስት ኮከብ ለማድረቁ ሥራ አምስት፣ ለስልክ መልሳቸው ሁለት፣ ለውሉ አንድ፣ ለዕቃ አያያዛቸው አንድ እሰጣለሁ። ዛሬ ቢደርስብኝ ለማድረቁ እነሱኑ እጠራለሁ፤ ዕቃዬን ግን አላስነካቸውም። ከጋራዡ በላይ ያለውን ቧንቧ ያ ቧንቧ ሠራተኛ በሙሉ ፔክስ በሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ቀይሮ ጥጡን መልሶ አልብሶታል፤ ፔክስ ብርድ ሲያገኘው ከመዳብ ይልቅ ይለጠጣል። ሳራቺኔስካው ላይ ቀይ ጨርቅ አስረንበታል፤ የስምንት ዓመቷ ልጃችንም የት እንዳለና ወደየት እንደሚዞር ታውቃለች።